ጋሼ እፍ እና ውስጡ አልዘጋ ያለው ድንጋይ

ትክክለኛ ስሙን አውቀዋለሁ፤ መታወቂያው ላይ ተጽፏል። በዚያ ስም ተጠርቶ ግን ዞር ብሎ አያውቅም። ጋሼ እፍ ነው። መስታወት በእሳት እያለሰለሰ፣ በአፉ እየነፋ ቅርጽ የሚያስይዝ ሰው ስለሆነ ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው። እሱም በመቆጣት ፈንታ ወዶት ቁጭ አለ። ስልክ ሲያነሳ እንኳ «አቤት፣ እፍ ነኝ» ይላል።

እኔ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጓንትም አምፖልም የምትፈልጉ ከሆነ እኔ ዘንድ ፈርማችሁ ነው የምትወስዱት። ፀጉሬን የምሠራው ደግሞ የጋሼ እፍ ሚስት ጋ ነው። እትዬ እንላታለን። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፤ ጥፋቱ ውስጥም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ትንሽ እጄ አለበት።

ጋሼ እፍ ወጣትነቱን የጨረሰው ቴርሞሜትር ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው «መስታወት ሠራተኛ ይፈልጋል» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ለፈተና ከመጡት አራት ሰዎች ሦስቱ የመስኮት መስታወት ገጣሚዎች ነበሩ፤ ሜትራቸውን ይዘው ነው የመጡት። እሱ ብቻ ከእሳቱ ፊት ተቀምጦ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ አንገቷ እንደ ስፌት መርፌ የቀጠነ ጠርሙስ ሠርቶ አስረከበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምድር ቤት ያለው ክፍል የሱ ሆነ። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ጥቁር መነጽር፣ መደገፊያው የወለቀ ወንበር፣ እዚህም እዚያም የተጠበሰ ጠረጴዛ፤ አለቀ። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ንጽሕና ላይ። ቱቦዎቹን ሰባት ጊዜ ያጥባቸዋል። «ከኔ እጅ በወጣ ቱቦ ውኃ ብትጠጪ ንጽሕናው ያንቅሻል» ይለኛል።

ድንጋይ ልትመራመር የተቀጠረችው አዲሷ ዶክተር የመጣች ቀን ዘበኛው አላስገባም ብሏት ነበር፤ በጀርባዋ ቦርሳ አንግታ፣ እየተጣደፈች ስለምትናገር አንደኛ ዓመት ተማሪ መስላው ነው። ቀጥታ ምድር ቤት ወርዳ፣ «ጋሼ፣ ክሪስታል እናበቅላለን» አለችው።

«ክሪስታል ይበቅላል እንዴ?»

«ይበቅላል። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ሥራው እንዲህ ነው። ዶክተሯ የብረት ስብርባሪዎችን በጥንቃቄ መዝና ኳርትዝ ከሚባለው፣ ኃይለኛ እሳት ከሚችለው መስታወት የተሠራ ቱቦ ውስጥ ታደርጋለች። አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ጋሼ እፍ የቱቦውን አንገት በእሳት አቅልጦ ይዘጋዋል። ከዚያ ምድጃ ይገባና ዐሥር ቀን ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ቱቦው ሲሰበር አውራ ጣት የሚያክል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በስሱ የሚላላጥ ድንጋይ ይወጣል። ስሙ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ነው። ጋሼ እፍ ይህን ስም ለመጥራት አንድ ሳምንት ሙሉ ተለማምዷል። እትዬ ፀጉር ቤት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሙ «ድንጋዩ» ነው።

ነገሩን ለእትዬ ያስረዳት እኔ ባለሁበት ነው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን የከተቱ ሦስት ደንበኞችም ነበሩ።

«ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ላዩ ግን ያሳልፋል» አላት።

«ጎማ ላይ መዳብ ለብጠህ ማለት ነው?»

«አይደለም! ምንም አልተለበጠም። ላዩም ውስጡም አንድ ድንጋይ ነው። ለሁለት ብትሰብሪው፣ አሁን የወጣው አዲሱ ገጽ ራሱ ያሳልፋል።»

«ቅድም ውስጥ የነበረው?»

«አዎ።»

«ቅድም አላሳልፍም ሲል የነበረው?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

እትዬ ማበጠሪያዋን ይዛ አሰበች። «እና ውስጡ የት ሄደ?» አለች። ሦስቱም ደንበኞች መልሱን ለመስማት ጭንቅላታቸውን ከካስኩ አወጡ። ጋሼ እፍ ጥያቄውን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ለዶክተሯ ቢነግራት እስኪያልባት ሳቀች። «ጥያቄው ትክክለኛ ነው» አለች። «ገጹ ላይ ያለው ኤሌክትሮን ደግሞ እንቅፋት ሲገጥመው በመጣበት ዞሮ መመለስ አይችልም፤ በጎን አልፎ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው የምንወደው።»

ችግሩ የኛ ድንጋይ ውስጡ አልዘጋ ማለቱ ነበር። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ሲሞቅ ይተንና ከተሰለፈበት ቦታ ያመልጣል። ቦታው ባዶ ይቀራል። ባዶውም ቦታ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ኤሌክትሮን ወደ ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ውስጡ እንደ ላዩ ያሳልፋል፤ የላዩን ከውስጡ መለየት አይቻልም። ዶክተሯ ይህ የሚጠበቅ ነው ብትልም ጋሼ እፍ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። ቱቦውን ዘጠኝ ጊዜ ማጠብ ጀመረ።

ከዚያ ዶክተሯ ሌላ መላ አመጣች። ኤሌክትሮን የሚለቅ ካለ፣ ያንኑ የሚውጥ ሌላ እንጨምር፤ ሰጪና ተቀባይ እኩል ሲሆኑ ውስጡ ጸጥ ይላል አለች። አሁን ድንጋዩ አራት ነገር ገባበት፤ ቢዝሙዝ፣ አንቲሞኒ፣ ሴሌኒየምና ቴሉሪየም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉት፤ ጉድ ያፈላው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅንድብ መናገር አለብኝ። ካቻምና አንድ ቱቦ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ጋሼ እፍ ሁለቱንም ቅንድቡን እሳት በልቶበት ነበር። እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው በእርሳስ እየሣለች ነው ሥራ የላከችው። አንድ ቀን ተናዳ ስለነበር አንዱን ከፍ አድርጋ ሣለችው፤ ያን ቀን ሙሉ የሚገርመው ነገር ያየ መስሎ ዋለ። በመጨረሻም አስማለችው። ሁለተኛ ቱቦ ከፈነዳበት ያለ አንዳች ክርክር ጡረታ ይወጣል። በሴት ልጃቸው ስም ነው የማለው።

እና አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቴሉሪየሙ ያለበት ቱቦ ምድጃ ውስጥ ፈነዳ። ጋሼ እፍ፣ ዶክተሯና ቢሯቸው እዚያው አጠገብ የሆነው የክፍሉ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ ተሯሩጠው ገብተው ምድጃውን አጠፉ፣ መስኮት ከፈቱ። ቅንድብ የተነካበት የለም። ክሊኒክ ሄደው ተመረመሩ፤ ሐኪሙ ደህና ናችሁ አላቸው። «ብቻ አንድ ነገር አለ። ቴሉሪየም በጥቂቱም ቢሆን ሰውነት ውስጥ ከገባ፣ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።»

ሦስቱም ሳቁ። ጋሼ እፍ ግን ከክሊኒኩ ሲወጡ ዶክተሯን ለብቻዋ ይዞ፣ «ይህ ፍንዳታ ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። እቤት ከተሰማ አለቀልኝ» አላት። ማለችለት። ፕሮፌሰሩን ማስማል ግን አላሰቡትም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ እቤቱ ሲገባ እትዬ በር ላይ ተቀበለችው።

«ምን በላህ?»

«ምሳ።»

«የት?»

«ካፌ ነዋ።»

በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ብሶ መጣ፤ ጠዋት ገና አንድ ነገር ሳይቀምስ ይሸታል። እሱ ለራሱ አይሸተውም፤ ስለዚህ የደረሰውን ጉዳት መጠን አላወቀም። እትዬ ከቤቷ ነጭ ሽንኩርት አስወጣች። ሽታው አልወጣም። ጉዳዩን ፀጉር ቤት ብታነሳው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቀለም የምትቀባ አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ በጥሞና አዳመጠቻትና፣ «ሌላ ቤት የሚያበስልለት ሰው አለ። ምስክር አያስፈልግሽም፤ ማስረጃውን አፉ ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው» አለቻት።

እኔ ደግሞ ምንም ሳላውቅ ቅዳሜ ጫፍ ጫፉን ልቆረጥ ሄድኩ። እትዬ ነገር ፍለጋ እንዳይመስልባት እያለሳለሰች፣ «ካፌያችሁ ነጭ ሽንኩርት ያበዛል አይደል?» አለችኝ።

«የቱ ካፌ? ጣሪያው እየታደሰ ከተዘጋ ወሩ እኮ ነው!»

መቀሱ ጆሮዬ አጠገብ ቀጥ አለ። እሱ ከግቢ ውጭ ያለውን ካፌ ማለቱ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

«እና... ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

«ከዶክተሯ ጋር ነዋ።»

«ከዶክተሯ?» አለች፤ «ሯ» ላይ ረገጥ አድርጋ። ለካስ ጋሼ እፍ ዓመቱን ሙሉ በአክብሮት «ዶክተር እንዲህ አሉ፣ ዶክተር ይህን አዘዙ» ሲል፣ እትዬ ራሰ በራ ሽማግሌ ነበር የታያት። አክብሮት ወንድና ሴት አይለይም።

«ወጣት ናት?»

እኔ ጅል ሆኜ፣ «በጣም! ደግሞ ሳቋ ደስ ሲል» አልኩ። በግራ በኩል ያለው ፀጉሬ አጥሮ፣ በቀኝ በኩል ያለው እንደነበረ ሆኖ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። እትዬ ሰኞ ጠዋት መጣች፤ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ። በኔ መስኮት ስታልፍ ሳያት ቁልፌን ጥዬ ተከተልኳት።

ያን ቀን ደግሞ ከፍንዳታው በፊት በቅሎ የወጣው፣ አራት ነገር የገባበት ድንጋይ መለኪያ ቀን ነበር። ድንጋዩ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ፣ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ምን ያህል ኤሌክትሪኩን እንደሚያግድ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር እየሠራ ነበር። ጋሼ እፍ ዓይኑን መስመሩ ላይ ተክሎ ቆሟል። እትዬ ስትገባ ዶክተሯ ብድግ ብላ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ ስንቱን ሰምቻለሁ!» ብላ እቅፍ አደረገቻት።

እትዬ ከእቅፉ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል። አንዴ ዶክተሯን፣ አንዴ ባሏን አየች።

«እንግዲህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከአንድ ድስት ነዋ የምትበሉት።»

«የምን ድስት?» አለ ጋሼ እፍ።

«ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ድስት!»

ዶክተሯ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወደ ጋሼ እፍ አየች። ምላ ነበርና እውነቱን መናገር አልቻለችም። ጋሼ እፍም ጡረታው ከፊቱ ተደቅኖ ታየው። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ፕሮፌሰሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከራባታቸውን አጥብቀው ገቡ። እንግዳ ሴት ሲያዩ ባርኔጣቸውን አነሱና ጎንበስ ብለው፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ» አሏት፤ ከቅርብ ነው፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው የሚያናግሩት ተጠግተው ነው።

እትዬ ወደ ኋላዋ አንድ እርምጃ ሄደች። ወደኔ ዞራ፣ «እሳቸውም?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ባሏ፣ «ለሦስት ነው የምትበሉት?»

ፕሮፌሰሩ ለአንድ ጊዜ ጥሩ ሰሙ። «ኧረ አይደለም፣ እመቤቴ። ሽታው እኮ ከፍንዳታው ወዲህ ነው። ቴሉሪየም ነው። ሐኪሙ ይለቃችኋል ብሎናል።»

ጋሼ እፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ክስ ነጻ ወጥቶ በሌላው ተፈረደበት። እትዬ አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ተጠጋችውና ቅንድቡን ፈተገችው፤ የተሣለ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው። አልለቀቀም።

«የራሴ ነው» አለ በትንሽ ድምፅ።

«የማን ስም ላይ ነበር የማልከው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮምፒውተሩ ጮኸ። መለኪያው አልቋል። ዶክተሯ ሮጣ ሄደች፤ ሁላችንም እትዬ ጭምር ተከትለን ሄድን። መስመሩ መጀመሪያ ደህና አድርጎ ወጥቶ፣ ይደርሳል ከተባለበት በጣም ዝቅ ብሎ ቆሟል። ውስጡ አሁንም አልዘጋም። ዶክተሯ ትከሻዋ ወረደ።

ጋሼ እፍ ደግሞ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ቱቦዬ ነው» አለ። «ቆሻሻ ገብቶበት ነው። የኔ እጅ አርጅቷል። ጡረታውን እወጣለሁ፣ አንቺዬ፤ አትለፊ።»

ሚስቱን እየሸነገላት እንዳልሆነ ድምፁ ይናገር ነበር።

«ቱቦው አይደለም፣ ጋሼ» አለች ዶክተሯ። ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ያለውን የስፒል ዕቃ አንስታ፣ አርባ ባለቀይና አርባ ባለሰማያዊ ስፒል ቆጥራ በእፍኟ በጠበጠችና ትሪ ላይ በተነችው። «ቀዩ ፕላስ ነው፣ ሰማያዊው ማይነስ። በቁጥር እኩል ናቸው፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን እዚህ ጋ ይዩ፤ አምስት ቀይ አንድ ላይ ወድቀዋል። እዚያ ማዶ ደግሞ ሰማያዊ ብቻ። ድንጋዩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሁሉም ቦታውን የሚይዘው በዕጣ ነው። ፕላስ የበዛበት ቦታ ኤሌክትሮን ይጠራቀማል፣ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ እንደሚጠራቀመው። ማይነሱ የበዛበት ደግሞ የተቃራኒው ኩሬ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ከኩሬ ኩሬ እየዘለለ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል።»

«አልበጠበጥሽውማ፣ የኔ ልጅ!» አለች እትዬ። ቀለም ስትበጠብጥ የኖረች ሰው ናት። ስፒሎቹን ሰብስባ፣ እንደ ፀጉር ቀለም ረጅም ጊዜ አማስላ በተነቻቸው። ቀዮቹ ጥግ ላይ ተከማቹ። እንደገና በተነች። አሁን ሰማያዊዎቹ ተያያዙ። በአራተኛው ትሪውን ገፋችው። «እነዚህ ነገሮች ሆን ብለው ነው!»

«ቢማሰል ቢውል ያው ነው» አለች ዶክተሯ። «በቁጥር እኩል መሆን በየቦታው እኩል መሆን አይደለም። ቆሻሻ የለበትም፣ ጋሼ። ቱቦዎ እንደ እንባ የጠራ ነው።»

ጋሼ እፍ መነጽሩን አወለቀና ያልቆሸሸውን መነጽር ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ለስምንት ወር የራሱ ጥፋት መስሎት ተሸክሞት የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ነው ያወረደው። እትዬ አየችው፤ የሥራ ልብሱን ክሳድ አስተካከለችለት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ወደ ዶክተሯ ዞራ፤ አሁን ነገሩ የሷም ሆኗል።

«ውስጡን ማስተካከል ካልቻልን፣ ውስጡን ማሳነስ ነው። ድንጋዩ በጣም ከቀጠነ ገጹ ያው ገጽ ሆኖ የውስጡ ድርሻ ያንሳል። ሁለቱ ገጾች ሲቀራረቡ ደግሞ ኩሬዎቹን ያለዝቧቸዋል። በፕላስተር ነው የምንልጠው። ግን እስካሁን ሁሉም እየተሰባበረብን ነው።»

ጋሼ እፍ እያሳየ፣ ፕላስተሩን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ቀጭ አድርጎ ወደ ላይ ነቀለው። ብትንትኑ ወጣ። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ አመማት።

«እንዲህ ነው የምትነቅሉት? ቆዳ ቢሆን ኖሮ ደም በደም ነበር!»

ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ላይ ያለ ፀጉር በሰምና በክር ስታነሳ ኖራለች፤ የከንፈር ላይ፣ የአገጭ፣ ከቅንድብ መሐል። ካፖርቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ መብራቱን ጎትታ አቀረበች። ፕላስተሩን መዳፏ መሐል አሞቀችው፣ ድንጋዩ ላይ አስተኛችው፣ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከድንጋዩ ሳይርቅ፣ ዝግ እያለች አጠፈችው። አንድ ስስ ቅርፊት ሙሉውን ተነሣ። ያንኑ በሌላ ፕላስተር ደግማ ላጠችው፤ ያንንም ደገመችው። በዐሥራ አንደኛው ላይ ፕላስተሩ ላይ ምንም የቀረ አይመስልም ነበር።

ዶክተሯ ማይክሮስኮፕ ሥር ከተተችውና ጮኸች። ፕሮፌሰሩ እንኳ ሰሙት።

ሽቦ መግጠሙ ሳምንት ፈጀ። በሚቀጥለው ሰኞ ሲለካ መስመሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ የውስጡ ድርሻ እየሳሳ ሄደና የቀረው ኤሌክትሪክ አብዛኛው የገጹ ሆነ። ዶክተሯ ሐቀኛ ሰው ናትና፣ «ኩሬዎቹ ጨርሰው አልጠፉም። ግን አሁን ገጹን ለይተን ማየት ችለናል» አለች። በኋላ በመጽሔት በወጣው የምርምር ጽሑፍ መጨረሻ የምስጋናው መስመር ላይ ሁለቱም አሉበት፤ እሱ «ለኳርትዝ ቱቦዎቹ»፣ እሷ «ለናሙና ልጠት»። እትዬ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥማ ፀጉር ቤት ሰቅላዋለች። የፍርድ ቤት ጸሐፊዋ ሦስት ጊዜ አንብባ ይግባኝ እንደማይባልበት አረጋግጣለች።

የጡረታው ነገር በድርድር አለቀ። ምድጃው በወፍራም የብረት መከለያ ተከለለ፣ የጭስ መሳቢያ ተገጠመለት፤ እየሞቀ ባለበት ጊዜ ጋሼ እፍ ክፍሉ ውስጥ አይገኝም። መከለያውን እትዬ ራሷ መጥታ በጉልበቷ ገፍታ አልነቃነቅ ካላት በኋላ ነው የፈቀደችው።

አሁን ሰኞ ሰኞ ትመጣለች። ጋሼ እፍ መብራት ይይዝላታል፣ ወረንጦ ያቀብላታል፣ ይሰደባል፤ ደስ ብሎት ነው የሚሰደበው። ባለፈው ወር ደግሞ እኔ መስኮት ላይ መጥታ፣ «ወንበር እፈልጋለሁ። መደገፊያ ያለው፣ ከፍ ዝቅ የሚል» አለችኝ። የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አወጣሁ።

«የሥራ መደብ ይላል፣ እትዬ። ምን ብዬ ልሙላ?»

አሰበች። «ላጭ በይ።»

«ይህን ካልኩማ አይፈርሙልኝም።»

«እንግዲያው የሚፈርሙበትን አንቺ ፈልጊ፤ ሥራሽ አይደል?»

«የተጠየቀበት ምክንያት?»

«ወገቤ።»

«ናሙና ለማዘጋጀት» ብዬ ሞላሁት። ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ወንበሩ መጣ። ተሸክመን ምድር ቤት አወረድነው፤ ተቀመጠችበት፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞረችበት፤ ሁላችንም ቆመን ፍርዷን ጠበቅን።

«ትንሽ ሲጢጥ ይላል» አለች፤ ከዚያ ፕላስተሩን አሞቀች።